ያረጀ የስፖርት ወንበር በቤት ውስጥ ስለማደስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን በሚገኘው ግቢዬ ጥግ፣ ቆርቆሮ በለበሰች ዳስ ሥር፣ የመኪና ወንበር ያልተገለበጠበት ወር ጥቂት ነው። ሙያዬ ሌላ ነው። ነገሩ የተጀመረው የራሴን አሮጌ ጎልፍ ወንበሮች ለማደስ ስታገል ነበር። ቀጥሎ የጎረቤቴ ኮሮላ መጣ፤ ከዚያ ከጫጫም፣ ከደብረ ሲናም፣ ከሸዋ ሮቢትም የሚጠይቁኝ በዙ። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን እዚህ አስፍሬያለሁ። ከመልሶቹ ግማሽ ያህሉን የተማርኩት አበላሽቼ ነው።

የስፖርት ወንበር ከተራው በምን ይለያል?

በክንፎቹ። ተራው ወንበር ያስቀምጣል፤ የስፖርት ወንበር ግን ግራና ቀኝ ከፍ ብለው በወጡ ድጋፎች ጎንንና ጭንን አቅፎ ይይዛል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ በተራ ወንበር የነዳ ሰው፣ በየመታጠፊያው ሰውነቱ እንዳይንሸራተት መሪውን እንደ ምርኩዝ መጨበጡ አይቀርም። ክንፍ ባለው ወንበር ሰውነትን የሚይዘው ወንበሩ ነው፤ እጅ ለመሪ ብቻ ይተርፋል።

በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ሬካሮ ነው። ሥሩ በ1906 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ሽቱትጋርት የተመሠረተው ሮይተር የተባለ የመኪና አካል ሠሪ ነው። በ1963 የአካል ሥራውን ለፖርሼ ሸጦ ፊቱን ወደ ወንበር ሲያዞር፣ «ሮይተር» እና «ካሮሰሪ» ከሚሉት ሁለት ቃላት መነሻ አዲሱን ስሙን አወጣ።

ያው ክንፍ ግን የወንበሩ ደካማ ጎንም ነው። በእኛ አገር መሪው በግራ ስለሆነ ነጂው በገባና በወጣ ቁጥር ክብደቱን የሚጥለው በግራው ክንፍ ላይ ነው። ስለዚህ የነጂው ግራ ክንፍ እንደ አሮጌ ትራስ ተኝቶ የተሳፋሪው ወንበር አዲስ መስሎ ቢያዩት አይደነቁ። እንዲያውም ደስ ይበልዎ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ስፖንጁ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።

ከማደስ ሌላ ወንበር ገዝቶ መግጠም አይቀልም?

አንዳንዴ ይቀላል። ከዚያው ከመኪናዎ ዓይነትና ትውልድ የወጣ ደኅና ወንበር ካገኙ ይግዙት። ከሌላ መኪና የወጣ ከሆነ ግን ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ከወለሉ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። ያኔ አዲስ ቀዳዳ መብሳትና ብረት መበየድ ይመጣል፤ በአደጋ ጊዜ የሚላቀቀው ደግሞ ይኸው ብየዳ ነው። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ማገልገላቸው ነው። ወንበራቸው ሊታደስ ይገባል።

ከየት ልጀምር? ልብሱን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

ሁሉም ልብሱን ገዝቶ ነው የሚመጣው። የወንበር ልብስ የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ያለው ነገር ስለከዳው ነው። ሞላው ይሰበራል፣ ስፖንጁ ይጎደጉዳል፣ ልብሱ መደገፊያ አጥቶ ይሸበሸባል፤ የተሸበሸበ ጨርቅ ደግሞ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ይበጠሳል። በተበላሸ ስፖንጅ ላይ አዲስ ልብስ ማልበስ በፈረሰ ግድግዳ ላይ ኖራ መቀባት ነው፤ በዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ይቀደዳል።

ስለዚህ ልብሱን መደርደሪያ ላይ ይስቀሉትና ወንበሩን አውጥተው ይገልብጡት። ከሥር ሆነው በእጅዎ ይዳስሱ፤ የላላ ሽቦ፣ የተበጠሰ ሞላ፣ ዝገት ይፈልጉ። ከላይ ደግሞ በጉልበትዎ ይጫኑትና ይልቀቁት። ቀስ ብሎም ቢሆን ወደ ቦታው ከተመለሰ ስፖንጁ ይድናል። እንደተረገጠ ሊጥ ከቀረ፣ ወይም ወለሉ ላይ ቢጫ ዱቄት ካራገፈ፣ ጊዜው አልፏል።

ወንበሩን እንዴት ላውጣው? ኤርባግስ?

የብዙ መኪና ወንበር በአራት ብሎን ይታሰራል፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ብዙ ጊዜ 13 ወይም 14 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተው የፊቶቹን፣ ወደ ፊት ስበው የኋላዎቹን ይፍቱ። የዛገ ብሎን በግድ አይጠምዝዙ፤ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነክረው አሳድረው በማግስቱ ይሞክሩ። የእኔ ጎልፍ ግን አራት ብሎን የለውም። የሐዲዱ ሽፋንና ከፊት መሃል ያለው መያዣ ተፈትቶ ወንበሩ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይወጣል። ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ብሎን ፍለጋ በሆዴ ተኝቻለሁ።

ኤርባግን በተመለከተ ቀልድ የለም። የጎን ኤርባግ በመኪና ላይ መግጠም የጀመረው ቮልቮ ነው፤ ጊዜውም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና በወንበሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ከዚያ በኋላ የተሠራ ከሆነ የወንበሩን ጎን ይመልከቱ፤ ምልክት ከተሰፋበት፣ ወይም ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካዩ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሳይነቅሉና ጥቂት ደቂቃ ሳይጠብቁ ምንም አይንኩ። ያን ወንበር በቤት ውስጥ ማልበስም አልመክርም። ኤርባጉ የሚወጣበት ስፌት ሆን ተብሎ እንዲተረተር የተሠራ ነው፤ እርስዎ በጠንካራ ክር ከሰፉት ኤርባጉ መውጫ ያጣል።

ሞላው ተሰብሯል። ላስበይደው?

አይሆንም። የሞላ ሽቦ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ሲሠራ ነው፤ ብየዳው ያን ያበላሽና አጠገቡ እንደ ደረቅ እንጨት ይቀነጠባል። ከተጣለ ወንበር ተመሳሳይ ሞላ ፈልጎ መተካት ይሻላል። መንጠቆው ብቻ ከወጣ በፒንሳ መልሶ ማጠፍ ይበቃል።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ያንሱት፤ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀቡት። ከዚያ በሞላውና በስፖንጁ መካከል የጆንያ ጨርቅ ያንጥፉ። ሽቦው ስፖንጁን እንደ ቢላ የሚበላው ይህ ጨርቅ ሲጠፋ ነው። የቃጫው ጆንያ ይሁን። የማዳበሪያ ከረጢት ያነጠፈ ወዳጄ በየጉድጓዱ ሲንጫጫበት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሁሉንም እንደገና ፈታው።

የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ብሞላውስ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ስፖንጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ልዩነቱ በክብደቱ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ የሚመዝነው ስንት ኪሎ ነው የሚለው። ርካሽ የፍራሽ ስፖንጅ ብዙውን ጊዜ ከ25 ኪሎ አይበልጥም፤ የመኪና ወንበር ግን የሚሠራው 50 ኪሎ አካባቢ ከሚመዝን በቅርጽ ከፈሰሰ ስፖንጅ ነው። ሻጩ ሁሉንም «አንደኛ ደረጃ» ስለሚል እርስዎ ራስዎ ይመዝኑ። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቆርጠው ሚዛን ላይ ያኑሩት። በግራም የመዘነው ቁጥር በሜትር ኩብ ከሚመዝነው ኪሎ ጋር እኩል ነው፤ 50 ግራም ከሆነ 50 ኪሎ ማለት ነው። የወርቅ ሠሪ ሚዛን ካላገኙ የቅመም ነጋዴ ሚዛንም ይበቃል። መርካቶ ውስጥ ትንሽ ቁራጭና ሚዛን ይዤ ስዞር ሻጮቹ በሁኔታዬ ቢስቁም፣ ከሁለተኛው ሱቅ በኋላ «ከባዱን አምጣለት» ማለት ጀመሩ።

ቀላሉን ስፖንጅ ለክንፍ ካደረጉት ለአንድ ወር ያምራል፤ ከዚያ ይተኛል። እኔ ይህን በራሴ ወንበር አይቻለሁ። መስከረም ላይ ያስገባሁትን ጥር ላይ አወጣሁት።

የተጎዳውን ክፍል ብቻ መተካት ይቻላል፤ ሙሉውን መጣል አያስፈልግም። የሞተውን ክፍል ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ስፖንጁ ሳይጨመቅ እንዲቆረጥ ቢላውን ሳይጫኑ እንደ መጋዝ ያመላልሱት። አሁን የተሳፋሪው ወንበር ያልተጎዳ መሆኑ ለምን እንደሚያስደስት ይገባዎታል፤ ልኩን ከእርሱ ያገኛሉ። የነጂው ግራ ክንፍ የተሳፋሪው ቀኝ ክንፍ የመስታወት ምስል ነው። በካርቶን ላይ ቅርጹን አንስተው ካርቶኑን ይገልብጡት። አዲሱን ቁራጭ ከልኩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አስበልጠው ይቁረጡ፤ ልብሱ ሲወጠር ይጨመቃል።

ለማጣበቅ ማስቲሽ ይበቃል። ሁለቱንም ገጽ በስሱ ቀብተው፣ ጣት ሲነካው የማይስብ እስኪሆን ጠብቀው አንድ ጊዜ ያገናኙት። ከተያያዘ በኋላ ማስተካከል የለም። አደራ፣ ማስቲሽ በሚቀባበት ቤት ከሰል አይያያዝ። ብርድ ስለሆነ በር ዘግቶ፣ ምድጃ አጠገብ አድርጎ፣ ቡና እያስፈሉ ማጣበቅ የሚያምራቸው አሉ። የማስቲሹ ትነት እሳት ይስባል፤ የተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ራስ ያዞራል። ሥራው ውጭ፣ ቡናው ውስጥ።

የመንዝ የበግ ጸጉርስ? ብጠቀጥቀው ከስፖንጅ አይሻልም?

ለክንፍ አይሆንም። ጸጉር ሲጫኑት ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰብና ይጎለጉላል፤ በሁለት ወር ውስጥ ጉብታና ጉድጓድ ይሠራል። ነገር ግን ሐሳቡ መሠረት የለሽ አይደለም። የድሮዎቹ ቮልሶች ወንበር በፈረስ ጸጉርና በቃጫ የተሞላ ነበር፤ እሱ ግን በጎማ ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ የተጋገረ ነው። የበግ ጸጉር ካለዎት በደንብ አጥበው፣ አድርቀውና አባዝተው ከልብሱ ሥር በስሱ ለማንጠፍ ይጠቀሙበት፤ ስፌቱ ስፖንጁን እንዳይፍቀው ይረዳል። ካልታጠበ ግን ቅባቱና ሽታው አንድ ክረምት ሙሉ ይከተልዎታል።

ልብሱን ራሴ መስፋት እችላለሁ?

በቤት የስፌት መኪና ሰፍተው የሚያውቁ ከሆነ አዎ። ትልቁ ምስጢር አሮጌውን ልብስ አለመጣል ነው። ልብሱ ከስፖንጁ ጋር የተያዘው በታጠፉ የሽቦ ቀለበቶች ነው፤ በፒንሳ እየከፈቱ ያውጡ፣ ቦታቸውንም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። በልብሱ የውስጥ ኪሶች ያለውን ቀጭን ሽቦ አይጣሉት፤ ለአዲሱ ልብስ ያስፈልጋል።

ከዚያ ስፌቱን በምላጭ ይተርትሩ። ከመተርተርዎ በፊት ግን እያንዳንዱን ቁራጭ በጠመኔ ቁጥር ይስጡት፤ ሁለት ቁራጭ የሚገናኙበትንም ስፌት በየአንድ ስንዝሩ በመስመር ያሻግሩት። ወንበሩ ላይ ቀጥ ያለ የሚመስለው ስፌት በእውነቱ የጎበጠ ነው፤ መስመሮቹ ከሌሉ አንዱ ጨርቅ ከሌላው ሁለት ጣት ይተርፍና ግራ ይገባዎታል። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ የግራና የቀኝ ክንፍ ቁራጮችን አቀላቅዬ፣ ሁለት የግራ ክንፍ ያለው ወንበር ሠራሁ።

ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ፀሐይና ላብ ይበላዋል። መርፌው 16 ወይም 18 ቁጥር፣ የስፌቱ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ። በሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ ስፌትን ማሳጠር ጥንካሬ አይጨምርም፤ እንደ ቴምብር ጠርዝ ያቦጫጭቀዋል። የእናቶቻችን ባለ እግር ሲንጀር ሁለት ድርብ ያለ ችግር ይሰፋል፤ አራት ድርብ በሚገናኝበት ጥግ ላይ ግን በእግር ሳይረግጡ መዘውሩን በእጅ እያዞሩ ቀስ ብለው ያሻግሩት።

ሲያለብሱ ከመሃሉ ይጀምሩ፣ ወደ ጎን ይሂዱ፣ ክንፉን በመጨረሻ። በቀጭን ላስቲክ ከረጢት ስፖንጁን ጠቅልለው ካለበሱት ልብሱ ይንሸራተታል፤ ከገባ በኋላ ከረጢቱን ስበው ያውጡት።

በባና ባለብሰውስ?

ይህን ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። በብርድ ልብስ ፋብሪካ በታወቀ ከተማ እየኖሩ ስለ ሱፍ አለማሰብ አይቻልም። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ጎልፍ ጂቲአይ የታወቀበት ባለ መስመር የስኮትላንድ ዓይነት የወንበር ጨርቅ የቮልስዋገን ንድፍ አውጪ የነበረችው የጉንሂልድ ሊልየክቪስት ሥራ ነው። የስኮትላንድ ጥለት በወንበር ላይ ካማረ፣ ሴቶች ፈትለው ወንዶች የሸመኑት የመንዝ ባና የማያምርበት ምክንያት የለም።

ሱፍ ሌላም ጸጋ አለው፤ በቀላሉ እሳት አይያያዝም፤ ቢያያዝም እንደ አክሪሊክ ብርድ ልብስ ቀልጦ ቆዳ ላይ አይጣበቅም። ግን ባና አይለጠጥም። ስለዚህ ለጠፍጣፋው መሃል ብቻ ያድርጉት፤ ለክንፎቹ የሚሳብ ጨርቅ ወይም ቆዳ ይምረጡ። ከመቁረጥዎ በፊት አጥበው ያድርቁት፤ ሱፍ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል። ጠርዙ እንዳይበተን ወዲያው ይዘምዝሙት። ለሸዋ ሮቢት ነዋሪ ግን አልመክርም፤ በዚያ ሙቀት ባና ላይ መቀመጥ ቅጣት ነው።

የቆዳ ወንበሬ ደብዝዟል። የጫማ ቀለም ብቀባው?

እኔ ቀብቻለሁ። ለጥምቀት ነበር። ወንበሩ እንደ መስታወት አበራ፤ እናቴ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ገቡ፤ ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ ከኋላቸው ያለው ምእመን ሁሉ ጀርባቸውን ያይ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ «የአንተን መኪና አልገባም» ይላሉ።

የጫማ ቀለም ሰም ነው፤ በሙቀትና በልብስ ይለቃል። ቆዳውን በለስላሳ ሳሙናና በትንሽ ውኃ፣ በለሰለሰ ብሩሽ ይጠቡ፤ ወዲያው በጨርቅ ያድርቁ። ቀለሙ ከሄደ ለቆዳ ወንበር ተብሎ የተሠራ ቀለም ይፈልጉ። ቅባቱን በአልኮል በነካ ጨርቅ ጠርገው፣ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርገው፣ ቀለሙን በስስ ስፖንጅ ደጋግመው ይቀቡ። አንድ ወፍራም ቅብ ይሰነጠቃል፤ አራት ስስ ቅብ ይቆያል። ቅቤ፣ የምግብ ዘይትና ግሊሰሪን ግን ለወንበር አይሆኑም፤ አቧራ ይሰበስባሉ፣ ስፌቱንም ያላላሉ።

ብርዱና ፀሐዩ ሥራውን ያበላሻል?

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳና ጨርቅ የሚያነጣው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቀኑ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል፤ ወንበር የሚነጣው ግን በጨረሩ ነው። መኪናውን ጥላ ያስጠጉ፣ ወይም መስታወቱን በጨርቅ ይጋርዱ።

ለሥራው ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ወቅት ስለሆነ ማስቲሽና ቀለም ውጭ አያሳድሩ። ሰው ሠራሽ ቆዳ ሲበርደው ይደርቃል፣ ሲወጥሩትም ይሰነጠቃል፤ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስጥተው ያልብሱት። በክረምት ስፖንጅ አይጠቡ። ሐምሌ ላይ ያጠብኩት ስፖንጅ እስከ ነሐሴ እርጥብ ነበር፤ በመጨረሻም ሻገተ።

ወንበሩ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታለች።

እህል የጫነ መኪና ሁሉ ይህ ያገኘዋል። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳያደርጉ አይንኩት፤ በደረቁ አይጥረጉት፣ በበረኪና ውኃ አርጥበው ያንሱት። ሽንት የጠጣውን ስፖንጅ ቆርጠው ይጣሉ፤ ታጥቦ ሽታው አይለቅም።

ስንት ቀን ይፈጃል?

ለአንድ ወንበር ሁለት ቅዳሜና እሁድ። ለሁለተኛው ወንበር አንድ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይፍቱ፤ አንዱ ሳይነካ ቢቆይ መልሱን እያዩ ይሠራሉ።

ከመለስኩት በኋላ ወንበሩ ይነቃነቃል። ምን አጠፋሁ?

በመጀመሪያ ሐዲዱን ይመልከቱ፤ ሁለቱም ጎኖች እኩል ጥርስ ላይ መግባት አለባቸው። ወንበሩ ውጭ ሳለ አንዱን ሐዲድ ብቻ ገፍተው ከሆነ አንዱ ጎን ይቆለፋል፣ ሌላው ይንሳፈፋል። ቀጥሎ ብሎኖቹን አራቱንም በጣት አስገብተው ካቆሙ በኋላ ብቻ በቁልፍ ያጥብቁ። ሐዲዱን ጠርገው ትንሽ ግራሶ ይቀቡት፤ ብዙ ከሆነ አቧራ ያቦካል። የመደገፊያው ማስተኛ ጥርስ ተበልቶ ከሆነ፣ ወይም የወንበሩ አጽም ተሰንጥቆ ከሆነ ግን አያስበይዱት፤ ደኅና አጽም ፈልገው ይቀይሩት።

ሸዋ ሮቢት ደርሰው ሲመለሱ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ እንደገና ያጥብቁ። አዲሱ ስፖንጅም እስከዚያ ቦታውን ይይዛል፤ ክንፉ መጀመሪያ ላይ ጎንዎን ቢጫንዎት አይቁረጡት።